ትራምፖሊኑ ላይ አንድ ልጅ ብቻ

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? የምጽፍልሽ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ 10፣ መካከለኛዋ 7፣ ትንሿ 4 ዓመታቸው ነው። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለኢድ ስትመጣ ትራምፖሊን፣ ያንን ጨርቁ የተወጠረ መዝለያ፣ በካርጎ ላስጭንላቸው ብላለች። ልጆቹ በበዓል ሰሞን ሜዳ ላይ እየከፈሉ ሲዘሉ ለምደውታልና ወሬውን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ጨዋታ የላቸውም። ባለቤቴ ‹ከመጣ አይቀር ትልቁ፣ ባለ 14 ጫማው ይምጣ፤ ሦስቱም አብረው ይዘሉበታል› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹እግር ሰባሪ ዕቃ እዚህ ግቢ አይገባም› ብለዋል። ግቢያችን 9 ሜትር በ7 ሜትር ነው። ተዳፋት ስለነበር በአንድ ወገን ካብ ተክበን ደልድለነዋል፤ ከካቡ በታች የጎረቤት ግቢ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድም በመሃል ያልፋል። ይምጣ ወይስ ይቅር? ከመጣስ የትኛው? የእኛን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ በምን ላቆየው? የሰፈሩ ልጅ በር ላይ ቆሞ እያየስ እንዴት ብዬ ልከልክል?»

የሦስት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦

እህቴ፣ ተመስገን ደህና ነኝ። አንቺም ከነልጆችሽ ደህና ክረሚልኝ።

ከአማትሽ ልጀምር፤ የተናገሩት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለምና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ትራምፖሊን በመኖሪያ ቤት እንዳይኖር መክሯል፤ በ2012ም ያንኑ ምክር አድሶታል። እኔም ይህን ብቻ ጠቅሼ «ይቅርብሽ» ብልሽ አያስወቅሰኝም ነበር። ነገር ግን ሐኪሞቹ የዘረዘሩትን ምክንያት ስታነቢ አብዛኛው ጉዳት አንድ ምንጭ እንዳለው ታያለሽ። ከአራቱ ጉዳት ሦስቱ ያህል የሚደርሰው ከአንድ ሰው በላይ አብሮ ሲዘል ነው። አብረው ከሚዘሉት መካከል ደግሞ ትንሹና ቀላሉ ልጅ የመጎዳት ዕድሉ ከከባዱ እስከ 14 እጥፍ ይበልጣል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ከባዱ ልጅ ሲያርፍ ጨርቁ ወደ ታች ይረግባል፤ ሲመለስ የእሱን ጉልበት ይዞ ነው የሚነሳው። ትንሿ በዚያች ቅጽበት እየወረደች ከሆነ የሚቀበላት ለስላሳ ነገር አይደለም፤ ወደ እሷ እየመጣ ያለ ወለል ይመታታል። አጥንቷ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ይሰነጠቃል። ከላይ ሳትወድቅ፣ ከማንም ጋር ሳትጋጭ፣ መሃል ላይ በእግሯ እንደቆመች። ዙሪያው መረብ ቢኖረውም ይህን አያስቀረውም፤ መረብ የሚይዘው ወደ ውጭ የሚወድቀውን ነውና።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ላይ አንድ ልጅ ብቻ የሚለውን ሕግ ቤታችሁ የሚያስከብር አዋቂ ካለ ይምጣ። ከሌለ እህትሽ ብስክሌት ታምጣላቸው። ሌላው ምክሬ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ባለቤትሽ «አብረው ይዘሉበታል» ያለው ከአባትነት ፍቅር ነው፤ ይገባኛል። እስቲ ይህን ንገሪልኝ። ትራምፖሊን እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። በዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ሁለት ስፖርተኞች እኩል እየተነሱ፣ እኩል እያረፉ የሚወዳደሩበት ዘርፍ አለ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የተለማመዱት እነዚህ ሰዎች እንኳ የሚዘሉት ጎን ለጎን በተተከሉ ሁለት ትራምፖሊኖች ላይ ነው፤ አንዱን ጨርቅ አይጋሩትም። የእናንተ ባለ 10 ዓመትና ባለ 7 ዓመት እንዴት ይጋሩት?

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ትንሿ ልጅሽ አትዝለልበት። ሐኪሞቹም፣ የጥራት ደረጃ አውጪዎቹም ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ይላሉ፤ አጥንቷ ገና ለጋ ነው፣ ሚዛን መጠበቁም ገና አልጠናላትም። «እኔ አቅፌያት ቀስ ብዬ ልዝለል» እንዳትዪ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ የአዋቂ ክብደት አለበትና። ታለቅሳለች፤ አውቃለሁ። ወንድምና እህቷ በሚዘሉበት ሰዓት የእሷ የሆነ ነገር ይኑራት፦ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ አስምሪላት፣ ገመድ ያዥላት፣ የትልልቆቹን ዝላይ ጮክ ብላ ትቁጠር። መሰላሉ ግን ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ይነሳና ቤት ይግባ። አንቺ ወጥ ስታማስዪ የ4 ዓመት ልጅ ብቻዋን እንዳትወጣ የሚያደርጋት መሰላሉ አለመኖሩ ነው።

ወደ ልኩ እንምጣ። ከትራምፖሊኑ ዙሪያ በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ባለ 14 ጫማው ወርዱ 4.27 ሜትር ነው፤ በግራና በቀኝ 2 ሜትር ስትጨምሪበት 8 ሜትር ከሩብ ይሆናል። የግቢሽ አጭሩ ጎን 7 ሜትር ነውና አይገባም፤ ክርክሩ በሜትር ያልቃል። ባለ 10 ጫማው 3.05 ሜትር ስለሆነ 7 ሜትሩን ሞልቶ ትንሽ ያልፋል። ባለ 8 ጫማው ግን 2.44 ሜትር ነው፤ ከክፍተቱ ጋር 6 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የአንቺ ልክ ይህ ነው፤ ለአንድ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። በረጅሙ ጎን 2 ሜትር ተኩል ያህል ይተርፍሻል፤ ያንን ትርፍ በሙሉ ለካቡ ወገን ስጪው። ለሌላው ወገን 2 ሜትሩ ይበቃዋል፤ ልጅ ከካብ አፋፍ ራቅ ማለት አለበት።

የልብስ ገመዱ ይነሳ። አንገት ላይ የሚደርስ ገመድ ከትራምፖሊን አጠገብ አይታሰብም። ከላይም ቀና ብለሽ እዪ፦ 7 ሜትር ያህል ነፃ ሰማይ ይፈለጋል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባ የመብራት ሽቦ ግን አይቆረጥምና ሽቦ የሚያልፍበት ሥር በፍጹም አትትከሉት።

መሬቱስ? ደሴ ከጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ደልዳላ ግቢ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ትራምፖሊን ካዘነበለ ልጁን ሁልጊዜ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይወረውረዋል፤ በእናንተ ቤት ዝቅተኛው ወገን ካቡ ነው። አንድ ረጅም ጣውላ አጋድማችሁ በውሃ ልክ ለኩት። የምትደለድሉት በመቁረጥ እንጂ በመሙላት አይሁን፤ የተሞላ አፈር ክረምት ሲገባ ይሰምጣልና አንዱ እግር ይዞ ይወርዳል። ሲሚንቶ ላይ አይተከልም። ሣር ወይም አፈር ይሻላል።

እህትሽ ገበያ ስትወጣ የምታየውን ልንገርሽ። ቅርጹ ክብ ይሁን፤ ክቡ ልጁን ወደ መሃል ይመልሰዋል፣ አራት ማዕዘኑ ከፍ አድርጎ የሚያስነሳና ለሠለጠኑ የሚሆን ነው። ብረቱ ወፍራምና ከውስጥም ከውጭም ዚንክ የተቀባ ይሁን፤ የደሴ ጉም ቀለም ብቻ የተቀባን ብረት አይምረውም። መረቡ ከሞላዎቹ ውስጥ በኩል የታሰረ ይሁን፤ ውጭ በኩል ከታሰረ ልጁ ሞላና ብረት ላይ ይወድቃል። ሞላ ስልሽ ጋራዦቹ እንደሚሉት ነው፤ ሻጩ ስፕሪንግ ይለዋል። ረዘም ያሉት ለስላሳ፣ አጫጭሮቹ ደረቅ አነጣጠር አላቸው። ሞላውንና ብረቱን የሚሸፍነው ስፖንጅ ወፍራም ይሁን፤ ሲጫኑት ከሥሩ ብረት የሚሰማ ከሆነ ትተወው። በካርቶኑ ላይ የአውሮፓው ኢኤን 71-14 ወይም የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ 381 ደረጃ መጻፉን ትይ። ሞላ የሌለው፣ በተጣጣፊ ዘንጎች የሚሠራ ዓይነትም አለ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው፤ ብረቱ ከጨርቁ በታች ስለሚቀር ደህና ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

አንድ ነገር አደራ በያት፦ ትርፍ ሞላ፣ አንድ ትርፍ ስፖንጅና አንድ ትርፍ መረብ ከዋናው ጋር አብራ ትግዛ። ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ በኋላ በልኩ መፈለግ ያደክማል።

ሲገጠም ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል። ሞላዎቹን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በተራ አታያይዟቸው፤ ጨርቁ ወደ አንድ ወገን ተወጥሮ የመጨረሻዎቹ እጅ ይቀረጥፋሉ። አንዱን እዚህ፣ ቀጥሎ ትይዩውን እዚያ፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል እያላችሁ በመስቀለኛ ሂዱ። መጎተቻው ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ በፒንሳ አትታገሉ። እግሮቹን መሬት ላይ ለማሰር ደግሞ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ባለ 12 ፌሮ በቀስት መልክ አስቀጥቅጡና መሬት ውስጥ ጥልቅ አድርጋችሁ ምቱት፤ ጫፉ ብቅ ብሎ እግር እንዳይወጋ። ነፋስ ባዶ ትራምፖሊን እንደ ምንም አንስቶ ይገለብጠዋል፤ ከእናንተ ካብ ላይ ከተገለበጠ የሚያርፈው ጎረቤት ግቢ ነው።

የአየሩን ነገር የጠየቅሽው ደስ ብሎኛል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝናቡን ብቻ ይፈራል። ትልቁ ጠላት ፀሐይዋ ናት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አናስተውለውም እንጂ ጨርቁን፣ መረቡንና ስፌቱን ቀስ በቀስ የሚያደርቀው እሱ ነው። መረቡን በጣቶችሽ ይዘሽ ጠንከር አድርገሽ ጎትቺው፤ ክሩ ከተበጠሰ ወይም ዱቄት ዱቄት ካለ አልቆለታል። ቀለሙ ብቻ ከለቀቀ ደህና ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥቁሩ ጨርቅ እግር ያቃጥላልና መዝለያው ሰዓት ጠዋትና አመሻሽ ይሁን። ጠዋትም ጤዛው ሳይደርቅ አይሆንም፤ ያንሸራትታል።

ለበልግ ዝናብ ከላይ ሸራ ማልበስ ይበቃል፤ ሸራው ግን መሃሉ ላይ ውሃ የሚያወርድ ቀዳዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ ውሃ ያቁርና ሞላዎቹን እያሳሳበ ያድራል። ለሐምሌና ነሐሴ ግን አልመክርሽም፤ ፈታ አድርጊው። በረዶ ከመምታቱ በፊት፣ ሰኔ ሳያልቅ፣ ጨርቁን፣ መረቡንና ስፖንጁን አውርደሽ አጥበሽ በደንብ አድርቀሽ ጠቅልይው። ጓዳ መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ አይጥ ይቆረጥመዋል። ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠልጥይው። ሞላዎቹን ዘይት በነካው ጨርቅ ጥረጊና ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጪ። ብረቱ ውጭ ይክረም፤ መስከረም ሲጠባ ዝገት ያየሽበትን ቦታ ፍቀሽ አንቲረስት ቀቢው።

በየሳምንቱ፣ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ አንድ ዙር ዞረሽ ተመልከቺ። ብሎኑ ላልቷል? የወለቀ ሞላ አለ? ሞላው የሚሰካበት ቀለበት ስፌቱ ተፈትቷል? ስፖንጁ ተንሸራቶ ብረት ታየ? እግሩ ሰምጧል? አንድ ሞላ እንኳ ከጎደለ እስኪተካ ድረስ ማንም አይወጣም። የተቀደደ ጨርቅ በመርፌና በክር አይጠገንም፤ ይቀየራል። የተሰነጠቀ ብረት ደግሞ በያጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አስበይደሽ ልጅ አታውጪበት፤ ዕቃው ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው።

የጎረቤት ልጆች ነገር ወሎ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። በር ዘግቶ የራስን ልጅ ብቻ ማስደሰት እኛ ጋ አያምርም፤ እኔም ዝጊ አልልሽም። ቡና ስትጠራሪ፣ ገና አቦሉ ሲቀዳ፣ እናቶቹን ሰብስበሽ ንገሪያቸው፦ ልጃችሁ እንዲዘል ፈቃዳችሁን እፈልጋለሁ፤ 6 ዓመት ያልሞላው አይወጣም፤ አንድ በአንድ ነው፤ አዋቂ ከሌለ ጨዋታ የለም። ይህን አስቀድሞ ከእናት ጋር የተነጋገረ ሰው፣ ነገ አንድ ነገር ቢደርስ እንኳ ጉርብትናው አይፈርስም። ለልጆቹ ደግሞ ተራን መጠበቅ አዲስ አይደለም፤ በሠርግ ጭፈራ አንዱ መሃል ሲገባ ሌላው ዙሪያውን ቆሞ እንደሚያጨበጭብለው ነው። የሚዘለውን በጭብጨባ ይቀበሉት፣ እስከ 50 ይቁጠሩለት፣ ሲሞላ በመሰላሉ ይውረድ። እየዘለለ ከላይ ወደ መሬት መውረድ ክልክል ነው። ከሥር ገብቶ መጫወትም እንዲሁ፤ ኳስ ቢገባ እንኳ የሚዘለው እስኪቆም ይጠበቃል።

«አዋቂ» ስል ከወጥ ቤት መስኮት እያየ «ኧረ ቀስ!» የሚለውን አይደለም። ከተጎጂዎቹ ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት የተጎዱት አዋቂ እያያቸው ነው ተብሏል፤ ማየቱ ብቻ አያድንም። ቆሞ ሁለተኛውን ልጅ የሚመልስ ሰው ነው የሚፈለገው። ደፍሬ ልንገርሽና ለዚህ ከአማትሽ የተሻለ ሰው አይታየኝም። አደጋውን ያውቁታል፣ ልጆቹም ይፈሯቸዋል። አንቺና ባለቤትሽ ሄዳችሁ «እማማ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይወጣም» በሏቸው። የፈሩትን ነገር ሥልጣኑን ሲይዙት ሐሳባቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ባይለወጥም አክብራችኋቸዋል።

ትልልቆቹ መጀመሪያ መማር ያለባቸው መዝለሉን ሳይሆን ማቆሙን ነው። ሲያርፉ ጉልበታቸውን እጥፍ አድርገው ዝላዩን መግደል ይልመዱ፤ «ቁም!» ስትያቸው ባሉበት እስኪቆሙ ድረስ ሌላ ነገር አይጨመር። ከዚያ በኋላ ደስታው ብዙ ነው፦ መሃሉ ላይ በጠመኔ ክብ ሥዪና ከክቡ ሳይወጡ ይዝለሉ፣ አየር ላይ ያጨብጭቡ፣ ሩብ ዙር ይዙሩ፣ እግራቸውን ከፍተው ይግጠሙ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ እየጠሩ ይነሱ። የ10 ዓመቱ ልጅሽ በስልክ ያየውን ግልብጥ ልሞክር ማለቱ አይቀርም። አይሆንም በዪው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። አንገትን ለዘለቄታው የሚጎዳው አደጋ በዋናነት የሚመጣው ከግልብጥ ነው፤ በዚህ ላይ አትለሳለሺ።

በባዶ እግር ይዝለሉ፤ ካልሲ ያንሸራትታል። የጆሮ ጉትቻና የእጅ አምባር ይውለቅ። ማተብ ወይም ክታብ ያሰረ ልጅ ክሩን አሳጥሮ ከልብሱ ሥር ያስገባ፤ ሂጃብ የምትለብስ ልጅ መርፌ ቁልፍ የሌለውን፣ ተስቦ የሚጠለቀውን ታድርግ።

ልጅ ከተጎዳስ? ይህን እንዳትዘነጊው። ብዙ ቤት ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው፤ በሽማግሌዎቻችን እጅ የዳነ ሰውም ብዙ ነው። ነገር ግን አንገቴን ወይም ጀርባዬን አመመኝ ያለ ልጅ አይታሽም፣ አይነሳም፣ አይቀመጥም፤ ባለበት ይቆይና አምቡላንስ ይጠራ። እግሩን መርገጥ እምቢ ያለ ልጅ፣ እብጠት ባይታይበት እንኳ ራጅ ይነሳ፤ በልጆች ላይ ስንጥቁ ቀጭን ስለሆነ በዓይን አይለይም። እስከዚያው ካርቶን አጥፈሽ ላላ አድርገሽ እሰሪለት። የጠበቀ የወጌሻ ሸምበቆ ደም ከልክሎ እጅና እግር ያስቆረጣቸው ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ ያሰረው ማንም ይሁን ማን እዚያው ፍቺውና ወደ ሆስፒታል ሩጪ።

አሁን ሜትርሽን ይዘሽ ግቢውን ለኪ፤ ከካቡ አፋፍ፣ ከግድግዳው፣ ከሽቦው ያለውን ርቀት በወረቀት ላይ አስፍሪና ለባለቤትሽም ለአማትሽም አሳዪያቸው። ለእህትሽ የምትልኪው ደግሞ ይህን ነው፦ ክብ፣ ባለ 8 ጫማ፣ መረቡ ከውስጥ፣ ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ትርፍ ሞላ፣ ስፖንጅና መረብ። ሻጩ ፎቶ ከላከላት ከመክፈሏ በፊት ለእኔም ላኪልኝ፤ አይቼ የሚታየኝን እነግርሻለሁ።